የክፍላችን ደካማው ተማሪ

በክፍላችን ከሁሉም ደካማው ተማሪ አያቴ ነበሩ።

ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ነገር ነበር። የጫማ ሰሪው መንታ ልጆች እንኳ፣ ወንበር ላይ አርፎ መቀመጥ የማያውቁት ሁለት ቀበጦች፣ ከሳቸው የተሻለ መስመር ያወርዱ ነበር። ቀጮ የምንላት የጎረቤት ልጅማ የፊደል እግር ማቆምና ወገብ ማጠፍ ከጀመረች ሰንብታለች። አያቴ ግን ብዕሩን በቀኝ መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ብቅ አድርገው፣ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ለማውረድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይታገላሉ። መስመሯም መንገድ እንደጠፋው ሰው ወዲያ ትላለች፣ ወዲህ ትላለች፣ መሃል ላይ ደክሟት ትቀራለች።

እኔ ከአጠገባቸው ነበር የምቀመጠው። የወተት ጥርሴን ገና ያልጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሩቅ ከተማ ትሠራ ስለነበር እኔን ያሳደጉኝ አያቴና አክስቴ ናቸው።

ክፍሉ ከቤቱ በስተጀርባ ያለው ረጅሙ ክፍል ነው። ከፍ ብሎ የተሠራ አንድ መስኮት አለው፤ ከምሳ በኋላ ፀሐይ በዚያ ገብታ ጥቁሩ የድንጋይ ወለል ላይ ትጋደማለች። በአንዱ ጥግ ተዳፋት ያለው ትልቅ የመጻፊያ ጠረጴዛ ቆሟል። መደርደሪያው ላይ የቀለም ብልቃጦችና በጣሳ የታጨቁ የመቃ ብዕሮች አሉ። የጥላሸትና የሙጫ ሽታ ከግድግዳው አይለቅም። አክስቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናዋ ይሰማል፤ ድምፁ ሲቆም እየመጣች ነው ማለት ነው። ያንን ክፍል ሳስታውስ ዛሬም ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለሁ ይመስለኛል። ሁሉም ነገር ቀስ ይላል፤ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል እንጂ ሲወርድ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በፊት ግን እዚያ ክፍል ልጅ የሚባል አይገባም ነበር። አያቴ ሰፈሩ ሁሉ ባለብዕሩ እያለ የሚጠራቸው የቁም ጽሕፈት ጌታ ነበሩ። ሊማር የሚመጣው ጺም ያወጣ ጎልማሳ ነው። እሱም ቢሆን ጥላሸት ሲፈጭና ሙጫ ሲያሟሟ ዓመት ይከርማል እንጂ ብዕር አይሰጠውም። ክፍሉ ውስጥ ወሬ የለም፤ ማብራሪያ የለም። አያቴ ከጀርባቸው ለቆመው ሰው የሚሉት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እጄን እይ»። ያየ አየ፣ ያላየ ጥላሸቱን ይፈጫል። የገዛ ልጃቸው አክስቴ እንኳ ቁጭ ብላ አልተማረችም። ውሃ ለማቀበል ስትገባ፣ ብርጭቆውን ይዛ ትንሽ ቆም እያለች፣ በስርቆሽ ነው ያየችው።

አንድ ጠዋት አያቴ እዚያው ጠረጴዛቸው ሥር ወድቀው ተገኙ። ሐኪም ቤት ከርመው ሲመለሱ ትልልቆቹ ሰዎች ግማሽ ጎናቸው ተኝቷል እያሉ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔም እንደሰማሁት ወሰድኩት። ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጋውን ቀኝ እጅ እያየሁ ምን እያለመ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ቤት ውስጥ አትንጫጪ ስባል ለእጁ ብለው መሰለኝና በጣቶቼ ጫፍ መሄድ ጀመርኩ። ቆይቼ ደግሞ እንዲህ ከሆነማ መቀስቀስ ነው ያለብን ብዬ፣ ሰው ያላየኝ ሲመስለኝ ወደ አውራ ጣታቸው ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ጠራሁት። ቀና ስል አያቴ እያዩኝ ነበር። ያኔ ለማንም ምንም አይሉም ነበር።

መብሉንም እንቢ አሉ። አክስቴ ሳህን ይዛ ትገባለች፣ ያንኑ ሳህን ይዛ ትወጣለች። አንድ ቀን በር ላይ ለጎረቤታችን ስትነግራት ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። አባቷ ብዕር ካልያዝኩ ምን ልሠራ ነው የምኖረው ብሎ እንደጨከነ፣ እንዲህ ከቀጠለ ዓመቱን እንደማይዘልቅ ነገረቻት። እኔ የተረዳሁት አያቴ እንዳኮረፉ ነው። እኔም ጣፋጭ ስከለከል እንደዚያው እራት አልበላም እል ስለነበር ነገሩ አልገረመኝም።

ከዚያ አክስቴ ከመሬት ተነስታ የልጆች የቁም ጽሕፈት ትምህርት ከፈትኩ አለች። ሰፈሩ ተገረመ። እሷ ግን በየቤቱ እየዞረች፣ የልጆቻችሁ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ከሰዓት ከሰዓት ላኩልኝ እያለች ለመነች። ለልጅ ይከብዳል የተባለውን ሁሉ አቀለለችው። የልብስ ቁርጥራጭ እየጠቀለለች ብዕሮቹን ጭብጥ እስኪሞሉ ድረስ አወፈረቻቸው። ቀለምና ወረቀት ቀርቶ መጀመሪያ በውሃ ጻፉ አለችን። ሰፋፊ ብሩሾች በባልዲ እየነከርን ጥቁሩ ወለል ላይ ከቁመታችን የሚበልጡ ፊደሎች እንስል ነበር። በባዶ እግራችን ፊደሎቹ መሃል እንዘላለን። አንዱን ጨርሰን ወደሌላው ስንሄድ የመጀመሪያውን ፀሐይዋ ከራሱ ጀምራ ትጠጣዋለች። ፊደሎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ብዙ አሰብኩና አያቴ የረሱት ሁሉ የሚሄድበት ቦታ ነው ብዬ ደመደምኩ። አክስቴ አባባ የሚያውቁትን ስለረሱ ከናንተ ጋር እንደገና ይማራሉ ብላን ነበርና።

አያቴ ዱላቸውን ተደግፈው ገብተው ከኛው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጡ። ያን ቀን ማታ ሾርባቸውን ጠጡ። አክስቴ ባዶውን ሳህን ኩሽና ውስጥ ስታጥብ፣ ስታጥብ፣ መልሳ ስታጥብ አየኋት።

የዚያ ክፍል ምስጢር የገባኝ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። አክስቴ ቁልፍ እየተከለች፣ ስለ ቁልፉ እንደምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ ነገረችኝ። ብዕሮቹ የተጠቀለሉት ለኛ ትንንሽ ጣቶች አልነበረም። ውሃውም፣ ብሩሹም፣ ግዙፎቹ ፊደሎችም የታሰቡት ለአንድ ሰው ነው። ሐኪሙ እጁ እንዲመለስ ከተፈለገ እንደ ልጅ ከሰፊ እንቅስቃሴ ይጀምር ብሏታል። ባለብዕሩ ደግሞ ሰው ፊት ጠማማ መስመር ከሚያወርዱ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ሁሉም ጠማማ መስመር የሚያወርድበት ቤት ሠራችላቸው። እኛ መሸፈኛዎች ነበርን። እኛ ግን እየተማርን መሰለን፤ ደግሞም ተማርን።

አልፎ አልፎ አንድ ረጅም ሰውዬ ይመጣ ነበር። ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ጥቁር የቆዳ ቦርሳውን ከእጁ አይለይም። ባለቦርሳው እንለው ነበር። ገብቶ ኋላ ይቀመጣል፣ የያንዳንዳችንን ወረቀት አንስቶ ጎበዝ ይላል፣ ከዚያ አያቴ ዘንድ ይሄድና እዚያው ይከርማል። ጣቱን ይሰጣቸውና ጭመቁት ይላቸዋል። ክንዳቸውን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ አውራ ጣታቸውን ይስባል። እኔና መንታዎቹ ተመካክረን ይህ ሰው ፈታኝ ነው አልን። የወደቀ ተማሪ ምን እንደሚሆን ስጠይቅ፣ ውሸት የማያልቅበት ትልቁ መንታ፣ የወደቀ ከቤቱ ተወስዶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ደግሞም የትልቁን መንታ ቃል የሚደግፍ ነገር በጆሮዬ ሰማሁ። ባለቦርሳው ኮሪደሩ ላይ ለአክስቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እስከ ክረምት መግቢያ ለውጥ ካላሳዩ ከዚያ በኋላ ተስፋው የመነመነ ነው ሲላት መጋረጃው ሥር ነበርኩ። ፈተናው ክረምት ሲገባ ነው ማለት ነው። አያቴ ደግሞ ገና አንዲት መስመር አልቀናላቸውም።

እኔ ግን ጎበዝ ነበርኩ። ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና እጄ ቀና ነበር፤ ባለቦርሳውም የኔን ወረቀት ሲያይ ቅንድቡ ከፍ ይላል። ታዲያ አንድ ቀን አያቴ ብዕሩ ከእጃቸው አምልጦ ሲወድቅና ሊያነሱት ጎንበስ ማለት አቅቷቸው ሲያዩት፣ ከአግዳሚው ዘልዬ ወረድኩ። አንስቼ ሰጠኋቸው። ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፈታኝ የሚጥለው መጨረሻ የወጣውን ነው። ከአያቴ የባሰ አንድ ሰው ካለ እሳቸው መጨረሻ አይወጡም።

በማግሥቱ ማበላሸት ጀመርኩ። ሰው አያውቅም እንጂ አስቦ መጥፎ መጻፍ ትልቅ ድካም ነው። እጄ ወደለመደው ይሄዳል፤ እኔ እመልሰዋለሁ። የፊደሉን ወገብ አጎብጣለሁ፣ እግሩን በቀለም አሰጥማለሁ፣ መሃል ላይ ሆን ብዬ እንቀጠቀጣለሁ። እኔ በባስኩ ቁጥር አያቴ የሚሻሉ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አክስቴ ፊቷ ጠቆረ። ዓይንሽን ያምሻል ወይ፣ እንቅልፍ አነሰሽ ወይ እያለች ግንባሬን ትነካካለች። ደህና የነበረችው ልጅ እንኳ ወደኋላ ከሄደች የጀመርኩት ነገር ከንቱ ነው ብላ ልትዘጋው ምንም እንዳልቀራት በኋላ ነግራኛለች። አያቴ ደግሞ ወረቀቴን ወደሳቸው ይስቡና ረጅም ሰዓት ያዩታል። የራሳቸውን ግን አያዩም ነበር።

ሰማዩ አመድ በመሰለ ቀን ባለቦርሳው መጣ። ጣቱን ሰጣቸው፣ ጭመቁ አላቸው፣ ጠበቀ። እንደገና ጭመቁ አላቸው። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብሎ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸውና አክስቴን ጠርቷት ወጣ። ተከተልኳቸው። እጃቸው ከዚህ በኋላ እንደማይመለስ፣ እሷም ብታርፍ እንደሚሻል ነገራት። አክስቴ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ይህን ከሰማ ዳግመኛ አፉን ለእህል አይከፍትም» አለች።

ከዚያ መንታዎቹንና ቀጮን እስክጠራችሁ እንዳትመጡ ብላ ወደቤታቸው ሰደደቻቸው። የስፌት መኪናዋ ዘንድ ገብታ ተቀመጠች፤ ድምፁ ግን አልተሰማም።

እኔ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። አያቴ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የወፈረው ብዕር መዳፋቸው ውስጥ ነው። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ቆምኩና እንዲያው በደፈናው ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ወደቁ።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ግን ብቻዎን አይደሉም» አልኩ፣ ለቅሶዬ እየመጣ። «እኔም ወድቄያለሁ። እርስዎ መጨረሻ እንዳይወጡ ብዬ ነው ያበላሸሁት።»

ወደቁ ያልኳቸው ምንም አላስደነገጣቸውም። አሁን ሳስበው ከሐኪሙም ከአክስቴም ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ያ እጅ የሳቸው ነበር። ሐቁን ካወቁ በኋላ ለምን በየቀኑ እየመጡ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ አልነገሩንም። እኔ እንደምገምተው የኛን ወረቀት ለማየት ነው። ያን ዕለት ግን በግራ እጃቸው ወረቀቶቼን ወደራሳቸው ሳቡና አንድ በአንድ አገላበጡ። ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። ከታመሙ ወዲህ ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ነው።

«ይሄ መጥፎ ፊደል መሰለሽ?» አሉኝ። «መጥፎ ፊደል እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይሄ በደህና እጅ የተበላሸ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ይዞ ማበላሸት ነውር ነው። ተነሺ፣ ወረቀት አምጪ። ውሃውን ተይው፣ ቀለም።»

ከወደቁ ወዲህ ማንም ወዳልነካው ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ወሰዱኝ። በሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እግሬ መሬት አይደርስም። ወረቀቱ እንዳይሸሽ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው ጠርዙ ላይ ጫኑት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

«እጄን...» አሉና ቆሙ።

ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩባት ቃል ያቺ ብቻ ነበረች። እጁ ወረቀቱ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ሁለታችንም አየነው። ውጪ ዝናቡ ጀምሯል፤ የመስኮቱ ብርሃን ውሃ ውሃ ይመስላል። እንደገና ሲናገሩ ድምፃቸው የማያውቀው ቤት ውስጥ በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰ የሚሄድ ሰው ድምፅ ነበር።

«ሰው የተኛበት ክፍል ስትገቢ እንዴት ነው የምትገቢው?»

«ቀስ ብዬ።»

«እንደዚያው ወረቀቱ ላይ ግቢ። ብዕሩን አስተኝተሽ። እንደሱ። አሁን ውረጂ፤ ውሃ የሞላ ባልዲ በደረጃ እንደምታወርጂ። አትቸኩዪ፣ ደግሞም አትቁሚ። ትንፋሽሽን ያዢው። ያዢው። እግሩ ጋ ስትደርሺ ልቀቂው።»

ለቀቅኩት። ፊደሏ ቆማ አየኋት። የኔ አልነበረችም። አንገቷ ወፈር፣ ትከሻዋ ወደ ግራ ዘንበል ያለ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት የድሮ ሥራዎቻቸው ካልሆነ በቀር የትም ያላየኋት ፊደል ነች። አያቴ ትንፋሻቸውን ከኔ ጋር ይዘው ኖሮ እሳቸውም ለቀቁት። ከዚያ የምትቀጥለውን ነገሩኝ፤ ከዚያም የምትቀጥለውን። መስመሩ ሞላ።

ብዕሬን ላጥብ ጥግ ወዳለው ባልዲ እንደሄድኩ አክስቴ ሳህን ይዛ ገባች። ልትነግራቸው ቆርጣ እንደመጣች ከፊቷ ያስታውቃል። ነገር ግን ዓይኗ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ገና ያልደረቀው መስመር ያብለጨልጫል፤ የአባቷ ቀኝ እጅ ወረቀቱ ላይ ነው።

«አባዬ» አለች። «ጻፍክ?»

አያቴ መጀመሪያ ፊደሎቹን፣ ቀጥለው ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ያልኩትን እኔን አዩ።

«አዎ» አሉ። «ጻፍኩ።»

ትልቅ ሰው ሲዋሽ በግልጽ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሆኖም ዝም አልኩ። ካለፉ አለፉ ነው፤ ፈታኙ ካላወቀ እኔ ምን ቤት ነኝ። አክስቴ እውነቱን ለማወቅ በማግሥቱ ክፍሉ በር ላይ ቆማ እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስጽፍ ማየት ብቻ በቅቷታል፤ ያቺን ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሳችባቸውም። ዛሬ እኔ በተራዬ ልጆች አስተምራለሁ። ከመጣው ልጅ ሁሉ ጋር ቁጭ ብዬ፣ ሁለት እጆቼን ኋላዬ አጣምሬ፣ በቃል ብቻ ነው የማስተምረው። ሰሞኑን የአንዱ ተማሪዬ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ፣ ልጁ የጻፈውን መስመር ጠረጴዛው ላይ አይቶ በአድናቆት ማን ጻፈው ሲለኝ፣ «እኔ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አያቴ ያን ዕለት እንዳልዋሹ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ያን ዕለት ግን አክስቴ ሳህኑን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይርገበገባል። አያቴ በግራ እጃቸው ሳህኑን ወደራሳቸው ስበው መብላት ጀመሩ። አበላላቸው ብዙ ጊዜ ያልበላ ሰው አበላል ነበር። ጉንጫቸው እንደሞላ ልጆቹ የት ሄዱ አሉ። አክስቴ እንባዋን በመሃረቧ እየጠረገች ወደየቤታቸው እንደሰደደቻቸው ነገረቻቸው።

«ነገ ይምጡ።»

«መንታዎቹም?» አለች።

«እነሱማ ከሁሉ ቀድመው ይምጡ» አሉ አያቴ። «ብዙ ሥራ አለብኝ ከነሱ ጋር።»